ኋላ የወረደው ይመታል

መምህር ደሳለኝ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ጧት ነው፤ ከጨዋታ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ፣ ጉንጩን ከካርዶቹ አጠገብ አሳርፎ። የደብረ ታቦር ሰው ወሬውን ቁርስ ሳይቀምስ ሰማ። አራት ሰዓት ሲል ደግሞ ከሀያት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ አንድ ወጣት ፖሊስ የዝናብ ካፖርቱን እያራገፈ ቆመ።

«ሀያት አንቺ ነሽ? ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ይፈልጉሻል።»

«ወንድሜን ሊፈቱት ነው?»

ሙላቴ የሚባለው ይህ ፖሊስ ዐይኑን ሰበር አደረገ። «እሱን እኔ አላውቅም። ‹የዚያን ጨዋታ ሕግ የጻፈችውን ልጅ አምጣልኝ፤ ጠረጴዛውን የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ› ብለው ነው የላኩኝ።»

ሀያት ሱቋን ዘግታ ተከተለችው። ሐሳቧ ሁሉ ወንድሟ ቢላል ዘንድ ነበር። ቢላል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ከማለዳ ጀምሮ ጣቢያ ታስሯል። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጫወት የዋለው እሱ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት በሰው ፊት ከሟቹ ጋር የተጨቃጨቀውም እሱ ነው። እንግዲህ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የምታነበው ነገር ወይ ያስፈታዋል፣ ወይ ጨርሶ ያስገባዋል።

ጨዋታው «ፍም» ይባላል። የሥዕል አስተማሪው ደሳለኝና ሀያት ሦስት ዓመት የደከሙበት የካርድ ጨዋታ ነው። አንጥረኞች ከእሳት አውሬ የሚቀጠቅጡበት፣ ተራራ የሚናገርበት አገር በሐሳባቸው ፈጥረው፣ እሱ ሥዕሉን ሣለ፣ እሷ ሕጉን ጻፈች። ነገሩ የተጠነሰሰው አንድ እሑድ ጥንት መድፍ ወደ ተሠራባት ጋፋት በእግራቸው ሲሄዱ ነው። የፊታችን ቅዳሜ የመጀመሪያው ውድድር ሊደረግ፣ ከሐሙሲትም ከእብናትም ተጫዋቾች ሊመጡ ተቀጥሯል። ማን ሊያጫውታቸው ነው? ሀያት እስካሁን አላለቀሰችም፤ ለወንድሟ መፍራቱ ለጓደኛዋ ማዘኑን ቀድሞባታል፤ በዚህም ራሷን ታዘበችው።

የደሳለኝ ክፍል ከአከራይቱ ከእትዬ ብርቱካን ግቢ በስተጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ቤት ናት። ሬሳው ተነስቷል። ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ይሻው ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት፦ አምሳን የተሻገረች፣ አጭር፣ ከፖሊስ ካፖርቷ ላይ የሹራብ ሻርፕ የጠመጠመች ሴት። የመሪጌታ ይሻው ልጅ ናት። አባቷ ንባብ ሲያስተምሩ አንዲት ፊደል አለቦታዋ ያላላ ወይም ያጠበቀ ተማሪ ከአለንጋቸው አያመልጥም ነበር ይባላል። ልጅቱም ጆሮዋ የዋዛ አይደለም።

«እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊና ቅረቢ» አለቻት። «ምንም እንዳትነኪ። የገደለው ከሰል ነው። ጉንፋን ይዞት እንቅልፍ የሚያስወስድ ሽሮፕ ጠጥቶ ነበር፤ ያ ምድጃ አጠገቡ እየነደደ እዚሁ ቀርቷል። ምድጃው የአከራይቱ ነው፤ የሚቀመጠው በረንዳ ላይ ነበር።»

«በርዶት ራሱ አስገብቶት ይሆናላ!» አለች ሀያት፣ ተስፋ ጭላንጭል ብሎባት።

«እኔም እንዲያ ባልኩ። ግን ከመስኮቱ በላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በፎጣ ተወትፋለች። እዚያ ለመድረስ ወንበር ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ወንበሩ ላይ የቦቲ ጭቃ አለ፤ ሟቹ ግን ካልሲና ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። ሌላ ሰው ነበር፣ ሀያት። በይ አሁን ጨዋታውን ለእኔ ለማላውቀው አስረጂኝ፤ እንደ ሕፃን።»

ሀያት ካርዶቹን በአገጯ ጠቆመች። «ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። እነዚህ ቀያዮቹ ካርዶች ፍም ናቸው። አንድ ሰው ተራው በደረሰ ቁጥር አንድ ፍም ያወርዳል፤ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ሌላ ካርድ መጣል ሲፈልግ በፍም ይከፍላል። የከፈለበትን ፍም በፊቱ ይደፋዋል፤ ‹አዳፈነው› እንላለን። የተዳፈነ ፍም ተራው ዞሮ እስኪመጣ አያገለግልም። ተራው ሲመጣ ሁሉንም ይገልጣል።»

«ልክ እንደ ማታ እሳት።»

«አዎ። ስሙን ያወጣሁትም ከዚያው ነው።»

«እንግዲያ ፍሙን የቆጠረ ሰው ስንት ተራ እንደተጫወቱ ያውቃል ማለት ነው።»

ሀያት ጠረጴዛውን አየች። በደሳለኝ በኩል ስድስት ፍም። በቢላል በኩል ስድስት ፍም።

«ወንድምሽ ቃሉን ሲሰጥ ምን አለ መሰለሽ?» ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን አላነሳችም። «‹አራት አራት ፍም ላይ ስንደርስ መምህር እንቅልፍ ጣለው፤ አሥር ሰዓት አካባቢ ተነስቼ ወጣሁ› ነው ያለው።»

«አንዳንድ ጊዜ… በአንድ ተራ ሁለት የሚያወርዱበትም አለ።»

«አሁን ‹ከአንድ በላይ አይፈቀድም› አላልሽኝም?»

ሀያት አቀረቀረች።

«ውሸት አያምርብሽም፣ ልጄ። ለወንድምሽ የሚጠቅመው ያለውን እንዳለ ስታነቢልኝ ነው። እስቲ እንደገና እይው፤ የእሱን ነገር ለጊዜው እርሺና።»

ሀያት እንደገና አየች። በደሳለኝ በኩል ሦስት ፍሞች ተዳፍነዋል፣ ሦስቱ ተገልጠዋል። በቢላል በኩል ሁለት ተዳፍነዋል። ከመሐል «በረዶ» የሚባለው ካርድ ቆሟል። ከቢላል ቀኝ፣ የወደቁ ካርዶች ከሚከመሩበት ላይ ደግሞ «ወናፍ» ተቀምጧል። ዐይኗ እዚያ ላይ ቀረ።

«ይኼ ልክ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«በረዶ ሦስት ፍም ያስከፍላል፤ ሦስት ተዳፍኗል። ወናፍ ሁለት ያስከፍላል፤ ሁለት ተዳፍኗል። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። ሁለቱም ‹ድንገት› የምንላቸው ካርዶች ናቸው፤ በሌላው ሰው ተራ መሐል ዘው ብለው የሚወርዱ። ወናፍ ግን ለሌላ ካርድ መልስ ሆኖ ብቻ ነው የሚወርደው፤ ራሱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ በረዶው ቀድሟል፣ ወናፉ ተከትሏል። መልስ የሰጠው ካርድ የፊተኛውን ይጥላል፤ ታዲያ መውደቅ የነበረበት በረዶው ነው! ወናፉ እዚህ አመድ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«አመድ?»

«የወደቀ ካርድ ክምር አመድ ይባላል።»

«ወንድምሽ ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ቢላል? በወናፍ?» ሀያት ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «ማክሰኞ የተጨቃጨቁት በምን ሆነና! ደሳለኝ ‹በወናፍ ሁሉን አሸነፍክ፣ ካርዱን ከጨዋታው አወጣዋለሁ› ቢለው ነው። ቢላል ወናፉን እንዲህ በዋዛ አያስወድቅም። ደሳለኝም ቢሆን የራሱን ሕግ አይስትም፤ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ አይስትም።»

ፈንታነሽ ከኪሷ ወረንጦ አውጥታ የቢላልን ፍሞች አንድ በአንድ አነሳቻቸው። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን አየች፣ የደሳለኝንም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ሀያትን በጣቷ ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ስስ ነጭ አመድ በኖበታል። ከአራቱ ፍሞች ሥር እንጨቱ ንጹሕ ነው። ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ሥር ግን አመድ አለ።

«የእናንተ አመድ ወረቀት ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «የእኔ አመድ ይኼ ነው። የሕግ መጽሐፋችሁስ የት አለ?»

ከአልጋው ግርጌ በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ነበር፤ ሁለት መቶ ቀጫጭን መጻሕፍት፣ የቀለም ሽታቸው ያልለቀቀ። ፈንታነሽ ሲባጎውን በሴንጢ በጥሳ አንዱን አወጣችና ሀያት ያሳየቻትን መስመር በልቧ አነበበች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። መጽሐፉን ለሀያት ሰጠቻት።

«ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

«‹ሁለት ድንገት ካርዶች ሲጋጠሙ፣ ኋላ የወረደው ይመታል።›»

«ድገሚልኝ።»

ሀያት ደገመችው። ፈንታነሽ ዐይኗን ጨፍና ሰማች።

«ይህን መጽሐፍ ማን ማን አንብቦታል?»

«ማንም። የመጣው ማክሰኞ ነው፣ ሲባጎውም አሁን ነው የተፈታው። ተጫዋቹ ሁሉ የተማረው ከእኔና ከደሳለኝ አፍ ነው።»

«ያለ አታሚ የታተመ መጽሐፍ አላውቅም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ መጽሐፉን ኪሷ እየከተተች።

እትዬ ብርቱካንን በረንዳቸው ላይ አገኟቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ ከጧት ጀምሮ ሲያለቅሱ ዐይናቸው አብጧል።

«ትናንት ስንት ሰዓት ከቤት ወጡ፣ እትዬ?» አለቻቸው ፈንታነሽ።

«አሥር ሰዓት ሲሆን። ጎረቤት ለቅሶ ነበረብኝ። ይኼ የሀያት ወንድም ጃኬቱን ተከናንቦ በዝናብ ሲሮጥ ከበር ተገጣጠምን፤ ‹እትዬ፣ መምህር ተኝቷል፣ እንዳይቀሰቅሱት› አለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ስመለስ ምድጃዬ የለም። በርዶት ወስዶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ምነው ባንኳኳሁ! ምነው እጄ በሩን በነካ!»

«ሰሞኑን ከእሱ ጋር የተቀያየመ ሰው አለ?»

«ከማን ጋር ይቀያየማል? ሳቂታ ነው። እንዲያውም ሳቁ ነው የሚያስቀይመው። ማክሰኞ አታሚው ዓለምነው ያንን ጥቅል ተሸክሞ ሲመጣ፣ መምህር እዚህ ድረስ የሚሰማ ሳቅ ሳቀ። ዓለምነው ሲወጣ ‹ደህና ዋል› ብለው አልመለሰልኝም። ጨዋ ሰው ነበር፣ ምን እንደነካው እንጃ።»

ወደ ማተሚያ ቤቱ ሲሄዱ ፈንታነሽ «ሕጉን በወረቀት ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው» አለች። «አንዱ ሞቷል።»

«አንዷ እኔ ነኝ» አለች ሀያት ቀስ ብላ።

«አዎ። አንዷ አንቺ ነሽ።»

ሀያት ወንድሟን አወጣለሁ ብላ የተናገረችው ነገር እሷኑ ይዟት ሊሄድ እንደሚችል የገባት ያን ጊዜ ነው። ያም ሆኖ በመናገሯ አልጸጸታትም።

ዓለምነው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ከጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ፣ ዝግተኛ ሰው ነው። ከአንዲት ኮምፒውተርና ከአሮጌ የወረቀት መቁረጫ ጋር ብቻውን ይሠራል። ሲያያቸው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለፈንታነሽ አቀረበ።

«ደሳለኝ ጎበዝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው» አለ። «ጨዋታውን ግን አትጠይቂኝ፣ እኅቴ። እኔ ፊደል ለቃሚና አታሚ ነኝ። የካርዱን ፊትና ጀርባ እንኳ የምለየው በቀለሙ ነው።»

«መጽሐፉን በኮምፒውተር የለቀሙት እርስዎ ነዎት?»

«ፊደል በፊደል። ትርጉሙ ግን አይገባኝም።»

«ደሳለኝ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሄዱ?»

«ማክሰኞ፣ ጥቅሉን ሳደርስ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

ፈንታነሽ ከጠረጴዛው ጥግ በላስቲክ የታሰረ የካርድ እሽግ አንስታ አገላበጠችው። ቀለማቸው የተዛነፈ፣ በኅትመት የተበላሹ የ«ፍም» ካርዶች ናቸው።

«እነዚህስ?»

«ውድቅ የሆኑ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ስልክ ቁጥር ልጽፍባቸው ብዬ ነው።»

ጀርባቸው ንጹሕ ነበር። ጠርዛቸው ግን ተበልቶ፣ ማዕዘናቸው ከመታሸት ብዛት ክብ ሆኗል። ሀያት አየችው። ልቧን አንድ ነገር ጫር አደረጋት፤ ምንነቱን ግን ወዲያው አላወቀችውም። ትዝ ያላት ዓለምነው የሙከራ ወረቀት ሊያደርስ ሲመጣ በሩን ተደግፎ የሚቆመው ነው። ሥራው ካለቀም በኋላ ይቆማል። እሷ ደግሞ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱን እዚያ አስቀምጠው ይሂዱ፤ ብርሃን ከለከሉን» ትለው ነበር።

ዓርብ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ደሳለኝ ክፍል ተሰበሰቡ። እትዬ ብርቱካን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዓለምነው እንደ ልማዱ በሩን ተደገፈ። ሀያት መስኮቱ ሥር ቆመች። ቢላልን ሙላቴ በካቴና አመጣው፤ ዐይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሀያት ልታቅፈው ስትል ፈንታነሽ በእጇ ከለከለቻት።

«ትንሽ ታገሺኝ» አለች። ከዚያ መጽሐፉን ከኪሷ አውጥታ ወደ በሩ ዞረች። «ጋሽ ዓለምነው፣ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ። ይቺን መስመር ለሁላችንም ጮክ ብለው ቢያነቡልን?»

ዓለምነው መጽሐፉን ተቀበለ። የለቀመው ራሱ ነው፤ ሳይደናቀፍ አነበበው። «‹ሁለት ድንገት ካርዶች ሲጋጠሙ፣ ኋላ የወረደው ይመታል።›» ሲያነብ ግን «መ»ን አጠበቃት።

«ኧረ አይደለም!» ቢላል በካቴናው መሐል ሆኖ እንኳ አላስቻለውም። «እንዲያማ ከሆነ መልስ የሰጠው ሰው ወደቀ ማለት ነው! ይላላል እንጂ! ኋላ የወረደው ነው የፊተኛውን የሚጥለው!»

ቢላል ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ሰዎቹን ተራ በተራ አየ። ሀያት የመስኮቱን ደፍ ያዘች።

«እግዜር ይስጥህ፣ ቢላል» አለች ፈንታነሽ። «እንግዲህ ስሙኝ፤ ከአመዱ ልጀምር። ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው ያራግባል፣ ሲያራግብ አመድ ይበናል። ጠረጴዛው ላይ አመድ በኗል። ከአራት አራቱ ፍሞች ሥር ግን አመድ የለም፤ ምድጃው ሲገባ እነሱ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። አምስተኛውና ስድስተኛው ከአመዱ በላይ ናቸው። ስለዚህ ቢላል ‹አራት ላይ ተውነው› ሲል እውነቱን ነው። የቀረውን ሁለት ሁለት ተራ ያወረደው ምድጃውን ያስገባው ሰው ነው።»

«ምድጃውን ያስገባው ቢላል ራሱ ቢሆንስ?» አለ ሙላቴ።

«አስቤበታለሁ። ግን ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው ጨዋታውን አራት ላይ ይተወዋል እንጂ በራሱ ላይ ሁለት ተራ አይጨምርም፤ ‹ብዙ ቆይቻለሁ› ብሎ መመስከር ነው የሚሆንበት። ደግሞም በገዛ ወናፉ አይሳሳትም። ሟቹ እንዳንል ተኝቷል። ታዲያ ማነው? ፍም መቁጠር ያውቃል፣ የካርዱን ዋጋ ያውቃል፣ የቱን አዳፍኖ የቱን እንደሚተው ያውቃል። አንዲት ሕግ ብቻ ተገልብጣበታለች። ያቺ ሕግ በጽሑፍ ስትታይ ሁለት ንባብ አላት። ‹መ› ከላላች ኋላ የወረደው ሌላውን ይጥላል፤ ከጠበቀች ራሱ ይወድቃል። ፊደላችን ይህን አይጽፍም፤ ጆሮ ነው የሚያስተምረው። አባቴ ተማሪ ቤት የሚጮሁት ለዚህ ነበር። ጨዋታውን ከሰው አፍ የተማረ ሁሉ በዚህ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ከወረቀት ብቻ የተማረ፣ አንድም ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ነው።»

ማንም ወደ በሩ አላየም፤ ሁሉም ግን ማንን እንደምትል ያውቃል።

«ሀያትንም ጠርጥሬያት ነበር» አለች ፈንታነሽ። «ትናንት ግን ምን እንደምፈልግ ሳታውቅ ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች፤ ሁለቴም አላልታ።»

«ሰው ቃል አጥብቆ ስላነበበ ነፍሰ ገዳይ ይባላል?» አለ ዓለምነው። ድምፁ ሳይለወጥ መጽሐፉን ዘጋው።

«አይባልም። ‹ጨዋታውን አላውቅም› ያለ ሰው ጠርዙ እስኪበላ የተጫወተበት እሽግ ስለተገኘበትም አይባልም። ‹ከማክሰኞ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም› ያለ ሰው አውራ ጣቱ እዚህ ጠረጴዛ አመድ ላይ፣ ከስድስተኛው ፍም አጠገብ ታትሞ ሲገኝ ግን ይጠየቃል። አመዱ የበነነው ረቡዕ ነው፣ ጋሽ ዓለምነው። አሻራውን አንስተነዋል። የእርስዎ ነው?»

ዓለምነው የአውራ ጣቱን ጥፍር አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በሩን እንደተደገፈ ቁልቁል ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማክሰኞ ለመንኩት» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ፊደል ለቅሜላችኋለሁ። ‹የቅዳሜው ውድድር ላይ እኔም ልቀመጥ› አልኩት። ሳቀ። ‹ዓለምነው፣ አንተ አታሚ ነህ!› ብሎ ሳቀ። ረቡዕ ደግሜ ልጠይቀው መጣሁ። ቢላል እየሮጠ ሲወጣ አየሁት፤ ገባሁ፣ ተኝቷል። ጠረጴዛው ላይ ለሁለተኛው ኅትመት ያዘጋጀው ወረቀት አለ። ማተሚያ ቤቱ ሌላ ነው፣ የአዘጋጆቹ ስም ውስጥም እኔ የለሁበትም። ዐይኔን ደም ጋረደው። ምድጃውን አስገባሁ፣ ወረቀቱን ከሰሉ ላይ ጨመርኩት፣ ቀዳዳዋን ወተፍኩ።»

«ከዚያስ ጨዋታውን ቀጠልክ። ቢላል እንዲያዝ?»

«አይደለም!» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «በልጄ እምላለሁ፣ ለዚያ አይደለም። ወንበሩ ባዶ ነበር። ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ እንኳ… ሁለት ተራ ተጫወትኩና ራሴን ሲያዞረኝ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ልጁ ሲታሰር ግን ዝም አልኩ። እሱ የእኔ ኃጢአት ነው።»

«ሁለቱም የአንተ ነው» አለች ፈንታነሽ፤ አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል። ለሙላቴ በዐይኗ ምልክት ሰጠችው። ካቴናው ከቢላል እጅ ወጥቶ ወደ ዓለምነው እጅ ሄደ።

እትዬ ብርቱካን «ወይኔ ልጄን! ወይኔ መምህሬን!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ዓለምነው በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ወደ ሀያት ዞረ።

«ሀያት፣ እውነት ላልቶ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ኋላ የመጣው ነው የሚያሸንፈው።»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ሕግ እንደተነገረው አዲስ ተጫዋች። ከዚያ በዝናቡ ውስጥ ይዘውት ሄዱ።

ሀያት ወንድሟን አቅፋ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለደሳለኝ አለቀሰች፤ ያንን ሳቁን ዳግም ስለማትሰማው፣ ያ ሳቅ ደግሞ ሰውን እንደሚያቆስል እያወቀች አንድ ቀን እንኳ «ተው» ስላላለችው። ቢላል የተላጠ አንጓውን እያሻሸ፣ «እኔ ወጥቻለሁ እኮ፤ በቃ፣ በቃ» ይላታል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ቆሞ ነበር» አለችው። «ብርሃን ከለከልከን አልነው እንጂ ተቀመጥ አላልነውም።»

ቢላል ባዶውን ወንበር አየ። እሱም ብዙ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ነበርና።

ውድድሩ ቀረ። ቅዳሜ የደሳለኝ ቀብር በተፈጸመ ማግስት ሀያት ሁለት መቶውን መጽሐፍ ሱቋ ውስጥ ደርድራ ተቀመጠች። እስክሪብቶ ይዛ ያቺን መስመር አንድ በአንድ እየገለጠች፣ «የወረደው» ከሚለው በኋላ፣ ከመስመሩ በላይ፣ «ሌላውን» የሚል ቃል ጻፈች። ሁለት መቶ ጊዜ። አንድ ቃል ነው፤ ያኔ ሕጉን ስትጽፍ ብትጨምረው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ «ተቀመጥ»ም አንድ ቃል ነበር።